የስንዴ ንፍሮ በኮክ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ገበታው ላይ ሽሮ ብቻ አልቀረበም። የስንዴ ንፍሮ በኮክና በኦቾሎኒ ሠርቼ ከጎኑ አቀረብኩ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

ስንዴውን ማታ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ውሃውን ቀይሬ አንድ ሰዓት ያህል ቀቀልኩት። ፍሬው ለስልሶ ግን ሳይፈርስ ሲቀር ደርሷል ማለት ነው። አጥልዬ ገና ትኩስ እያለ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ጣዕሙ ወደ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ ጨው፣ ትንሽ የሱፍ ዘይት፣ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት።

ዋናው ግን ኮኩ ነው። ክረምት ሲገባ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው የእኛው ትንሹ ኮክ። ወቅቱ አጭር ስለሆነ ሳየው አላልፈውም። ጠንከር ያለውን መርጬ ከነልጣጩ በስሱ ከተፍኩት። ኮምጠጥ ማለቱ ከስንዴው ጋር ልክክ ይላል። ኦቾሎኒውን ቆልቼ፣ ገለባውን አሽቼ አራግፌ፣ ሊቀርብ ሲል ነሰነስኩበት። ቀድሞ ከገባ ይለሰልሳል፤ ኩርሽም ማለቱ ይቀራል።

እማዬ መጀመሪያ «ንፍሮ በፍራፍሬ? ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አለች። ሁለተኛውን ራሷ ጨለፈች።

ጾም ሲሆን ብዙዎቻችን ፓስታና ነጭ ዳቦ እናበዛለን። ንፍሮ ግን ስንዴው ከነቆዳው ስለሚበላ ፋይበሩና ማግኒዥየሙ አይቀርም። ኦቾሎኒው ፕሮቲን ይጨምርበታል። ቶሎም አይርብም። ፍልሰታ እስከ ነሐሴ 15 ነውና ገና ጊዜ አለ። ኮክ ያጣችሁ በማንጎ ሞክሩትና እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ።