የአያቴ እስክስታ በ25 እና በ50 ፍሬም

ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ በጣም ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ አራት ወር ሙሉ የቤተሰባችንን የድሮ ቪኤችኤስ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ከርሜ ትናንት ማታ አስራ አንደኛው አለቀ። ከአንድ ክርስትና በቀር ሁሉም ሰርግ ነው።

ጅምሩን ቶሎ ልለፈው። ዴኩን፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን፣ ከዘመድ ተዋስኩ፣ አዲስ ዴክ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ መጨረሻ ላይ ይሰራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ካሴቱን መጀመሪያ እስከ ጫፍ አጠንጥኑት፣ ከዛ መልሱት፣ ከዛ አጫውቱት፣ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየ ቴፕ ይላቀቃል። ነጭ ሻጋታ ያለበትን ግን በፍጹም እንዳታስገቡ፣ የዴኩን ሄድ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሽና የሚቀጥለውንም ካሴት ይበክላል። ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ ካፕቸር፣ ዴኩን ከኮምፒውተር በምታገናኝ ትንሽ ዕቃ፣ ነው የማስገባው። ያቺን ኤቪን (የድሮውን የቪዲዮ ገመድ) ወደ ኤችዲኤምአይ (የአሁኑ ቲቪ ገመድ) የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ብዙ ሰው ይመክራል፣ እኔ አልመክርም፣ ምስሉን ራሷ ወደ 720 ወይ 1080 መስመር ጎትታ ፍጥነቱንም ቀይራ ነው የምታወጣው፣ አንዴ ከዛ ከወጣ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም።

አሁን ወደ ፎርማቱ፣ ማለትም ወደ ፋይሉ ዓይነት። መጀመሪያ በቀጥታ ኤምፒ4 ነበር የምቀዳው ምክንያቱም ሁሉም ስልክ ያነበዋል። ሁለት ሰዓት ከአርባ የተቀዳ የእህቴ ሰርግ ላይ መብራት ሄደ፣ ተመልሶ ሲመጣ ፋይሉ አለ ግን ምንም አይከፍተውም። ለካ ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው፣ ሳያልቅ ከተቋረጠ አጫዋቹ የቱ የት እንዳለ አያውቅም። ኤምኬቪ የሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት እንደዛ አይደለም፣ መብራቱ እስከሄደበት ደቂቃ ድረስ ያለው ይከፈታል። እንደኛ አገር መብራት ለሚሄድበት ሰው ይሄ ብቻውን ይበቃል፣ በኤምኬቪ ቅዱ፣ ኤምፒ4ን በኋላ ታወጡታላችሁ።

ግን የሁለት ወር እንቅልፌን የወሰደው ሌላ ነገር ነው፣ ኢንተርሌስ። በ1988 ዓ.ም. የአጎቴ ሰርግ ላይ ወንድ አያቴ ዳሱ መሃል ገብተው ሲጨፍሩ የተቀረጸ አስር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ አለ። አያቴ አሁን የሉም፣ ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ምስል የለንም። ፋይሉን ስከፍተው ትከሻቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መስመር ይወጣል። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ካሴቱ ምንም አልሆነም። የኛ የድሮ ቪዲዮ ፓል በሚባለው የቲቪ ስርዓት ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይባል እንጂ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ግማሽ ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹ (1፣ 3፣ 5) አንድ ጊዜ፣ ተጋማሽ ቁጥሮቹ (2፣ 4፣ 6) ደግሞ ከሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ የተነሱ ናቸው። የድሮው ቲቪ ተራ በተራ ስለሚስላቸው አይታወቅም፣ ኮምፒውተር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሳያቸው በመሃል የተንቀሳቀሰው ነገር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ውስጥ ያዲፍ በሚባለው ማጣሪያ አሳለፍኩት፣ ማበጠሪያው ጠፋ፣ እኔም ጨረስኩ ብዬ ለሁሉም ዘመድ ላክሁ።

ሴት አያቴ እማማ በቲቪ አዩት። ዝም ብለው ቆዩና «ይኸማ የርሳቸው ትከሻ አይደለም፣ የርሳቸው እንዲህ እየቆመ አይሄድም ነበር» አሉ። እርጅና ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ ሌሊት ላይ ካሴቱን ራሱን በአሮጌው ቲቪ ሳየው ግን እውነታቸውን ነው። ያዲፍ ሌላ ካልታዘዘ ከሁለት ግማሽ አንድ ፍሬም ነው የሚያወጣው፣ 50 የነበረው እንቅስቃሴ 25 ይሆናል። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ልዩነቱ አይታይም፣ እስክስታ ላይ ግን የትከሻው ምት ግማሹ ይጠፋል። ቢደብሊውዲፍ የሚባለው ሌላ ማጣሪያ ግን ሳይነገረው ከእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሙሉ ፍሬም ይሰራል፣ 50 ይሰጣችኋል። በሱ ደግሜ አወጣሁት። ምስሉ ወደፊት ወደኋላ እየተንቀጠቀጠ ካስቸገራችሁ የትኛው ግማሽ እንደሚቀድም ተሳስቷል ማለት ነው፣ ቀያይራችሁ ሞክሩት። እማማ ሁለተኛውን ሲያዩ ምንም አላሉም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩትና «ድገመው» አሉኝ።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ዋናው ፋይል ኢንተርሌሱ እንዳለ ሳይነካ ይቀመጥ፣ ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው መጭመቂያ በኤምኬቪ፣ ከምስሉ ምንም አይጥልም። ቦታ ይበላል፣ የኔዎቹ በሰዓት 30 ጊጋ አካባቢ ወስደዋል፣ የሶስት ሰዓት ሰርግ 90 ጊጋ ማለት ነው። ሰፊ ሃርድ ዲስክ የሌለው ዲቪ በሚባለው መጭመቂያ ይያዝ፣ በሰዓት 13 ጊጋ ነው። ለቤተሰብ የሚታደለው ደግሞ ኤች264 በሚባለው መጭመቂያ በኤምፒ4፣ በ50 ፍሬም፣ የምስሉ መጠን 768 በ576። በሰፊ ስክሪን እንዲሞላ ብላችሁ አትለጥጡት እባካችሁ፣ የሟች ፊት ተንጋዶ ማየት ያሳዝናል። አዲሱ ኤች265 ፋይሉን ያሳንሳል ግን የእናቴ ቲቪ ከፍላሽ አላነበበውም። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ፣ ከ2 ጊጋ ካለፈ ቆራርጡት።

ይሄን ሁሉ የምለው ግን እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን አራት ካሴቶች ዋና ፋይል ቦታ ሲያጥረኝ አጥፍቻለሁ። በእጄ ያለው የ25ቱ ኤምፒ4 ብቻ ነው፣ ካሴቶቹ ስላሉ እንደገና እቀዳቸዋለሁ። የማይመለሰው የታላቅ ወንድሜ ሰርግ ነው። በ1999 ዓ.ም. አንድ ፎቶ ቤት ወስደን ወደ ቪሲዲ (የቪዲዮ ሲዲ) አስገለበጥነው፣ ካሴቱን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብለውን እዛው ተውነው። ቪሲዲ 352 በ288 ነው፣ ከቁመቱ ግማሽ መስመር፣ ከወርዱም ግማሽ ይቀራል። 50ው እዛ ውስጥ የለም፣ ምንም ማጣሪያ አያመጣውም። ካሴት ያላችሁ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ብትገለብጡም አትጣሉት።

ዴኩን ከፋሲካ በኋላ ድጋሚ እዋሳለሁ። ከአራቱ ሌላ አንድ የጥምቀት ካሴት ይቀረኛል፣ በካሴቱ መስኮት በኩል ሲታይ ዳር ዳሩን ነጭ ሻጋታ ይዞታል፣ ስለዚህ አልነካሁትም። ካሴት ፈትቶ በእጁ ሻጋታ ያጸዳ ሰው ካለ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ።