እንዝርትና የሁለት ዓመቷ ልጄ

የጎንደር የክረምት ብርድ በመስኮት ሲገባ፣ ልጄ ከምሳ በኋላ በምትተኛባት አንድ ሰዓት ከባዘቶው፣ ከተነደፈው ጥጥ፣ ጥቂት አንሥቼ እፈትላለሁ፤ ቀድማ ከነቃች ግን እንዝርቱ የእርሷ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ልቃቂት ከአልጋው እግር እስከ ጓዳ ዘርግታው ሳገኛት፣ እናቴ እየሳቀች «ድሩን አደራችልሽ እኮ!» አለችኝ። (ለነገሩ ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድር፣ በቁመት ለሚዘረጋው፣ የፋብሪካ ክር ስለሚጠቀሙ፣ የእጅ ፈትል በአብዛኛው በአግድም ለሚገባው ለማግ ነው የሚውለው።)

ሹራብ መሥራቱ ከእርሷ ጋር አይሆንም፤ ኪሮሹ ሹል ነው፣ እኔም ቁጥሩ ይጠፋብኛል።

እርሷን የሚያስደስታት የበግ ጸጉር በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽቶ ማጠንከር ነው። የጸጉሩ ገጽ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ በመሆኑ፣ ሙቀቱና እሽታው ሲያገኘው እርስ በርሱ ተቆላልፎ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ጥጥ ግን ይህ ጠባይ ስለሌለው የቱንም ያህል ቢታሽ አይያያዝም። ልጄ እስከ ክርኗ ሳፋው ውስጥ ገብታ፣ እርጥብ በግ እየሸተተች፣ አረፋውን ወደ እናቴ ነጠላ ትረጫለች፤ እናቴም «ተይ እንጂ የኔ ዓለም» ከማለት አታልፍም። ለእግሯ ብዬ የጀመርሁት የቤት ጫማም ከገመትሁት በላይ ተኮማትሮ፣ አሁን የአሻንጉሊቷ ሆኗል።