ሀሁን በቃሉ የሚያውቅ፣ ማንበብ ግን ያልቻለ ልጅ

ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ፊደል ሳይቆጥር የቀረ ልጅ አይደለም። ገበታውን ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው በዜማ ይወጣዋል፣ በስንጥር እየጠቆመም አንድ ሳያስት ይጨርሰዋል፤ ከመካከል «ጌ»ን ነጥለን ብናሳየው ግን ከ«ገ» ተነስቶ በውስጡ ሳይቆጥር ሊነግረን አይችልም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት በምሰጣቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ባሉ ልጆች ዘንድ በተደጋጋሚ የማየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ልጁን በተመዘገበበት ክፍል መጽሐፍ ላይ ከማቆየት ይልቅ እውቀቱ ከቆመበት ቦታ ተነስተን እናስተምረው እላለሁ።

ያ ቦታ የት እንደሆነ ለማወቅ ፊደሉን ራሱን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ቤቶች ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይከብዱም። ካዕብ (ሁለተኛው ቤት) በአብዛኞቹ ፊደላት ወገብ ላይ፣ ሣልስ (ሦስተኛው) ከእግራቸው ሥር ተመሳሳይ ጭረት ይጨምራል፣ ኃምስም (አምስተኛው) ቀለበት ያስከትላል፤ ልጁ ይህን በ«ለ» እና በ«በ» ላይ ካስተዋለ ለቀሩት ራሱ ይደርስባቸዋል። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው) ግን ከፊደል ወደ ፊደል መልካቸውን ይለውጣሉ። በተለይ ሳድስ ቅርጹ ወጥ ካለመሆኑም በላይ አንድ ጊዜ አናባቢው ይሰማል፣ ሌላ ጊዜ ይዋጣል። «ስም»፣ «ክፍል» እና «ትምህርት» የሚሉት ቃላት፣ ልጁ በየቀኑ በደብተሩ ሽፋን ላይ የሚያያቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሳድስ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈትነው የተዘበራረቁ ሳድሶችን በማሳየት ነው፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ እዚያው ይገኛል።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። ተማሪው ሀሁን ሲጨርስ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሸጋግሩታል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉም ቤቱም በአንድ ጊዜ ስለሚለዋወጡበት በዜማው ላይ ተደግፎ ማለፍ አይችልም፣ እያንዳንዱን ቅርጽ ማየት ግድ ይሆንበታል። ደግሞም አንዱን ሳያጣራ ወደሚቀጥለው አይሄድም። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሀሁን በዜማ ማስጠናቱን ይዘን አቡጊዳን መተዋችን በእኔ እምነት ትልቅ ጉድለት ነው። ካርቶን ቆራርጦ ፊደላትን ለየብቻ መጻፍ፣ አዘበራርቆ ማስነበብና ወዲያው ሁለት ሁለቱን አገጣጥሞ ቃል ማሠራት ለማንኛውም ወላጅ የሚቻል ሥራ ነው።

ፊደሉ ከተለየ በኋላም አንድ እንቅፋት ይቀራል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ገና» የበዓሉ ስም ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ «ዋና» በውኃ ውስጥ የሚደረገው ይሁን «ዋና መንገድ» የሚባለው የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ነው። ፊደል በፊደል እየነጠለ የሚያነብ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ስለሚረሳ ይህን ማገናዘብ አይችልም። እንዲህ ያለው ልጅ የሚረዳው የሚያውቀውን አጭር ታሪክ ከእኛ ጋር አብሮ ጮክ ብሎ፣ አንዱን ገጽ እየደጋገመ ቢያነብ ነው።

በሒሳብም የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ከ52 ላይ 38 ቀንስ የተባለ ልጅ 26 ብሎ ቢጽፍ ግድየለሽ ሆኖ አይደለም፤ ከ2 ላይ 8 አይቀነስም ብሎ ስላመነ 8 ላይ 2ን ቀነሰ፣ ከዚያም 5 ላይ 3ን። መቶ ሦስትን 1003 አድርጎ የሚጽፈውም የሰማውን በቅደም ተከተል እያሰፈረ ነው። ሁለቱም የጎደላቸው የቦታ ዋጋ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሠመረ ኤክስ ደግሞ ይህን አያስተምርም። ስንጥሮችን አሥር አሥር አድርጎ በላስቲክ ማሰር፣ 52ን አምስት እስርና ሁለት ነጠላ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም 38ቱን ለማውጣት አንዱን እስር ልጁ በገዛ እጁ እንዲፈታ ማድረግ ያስፈልጋል። እስሩን ሲፈታ 12 ነጠላ እንዳለው ያያል፣ «መበደር» የሚባለውም ለምን እንደመጣ ይገባዋል። ለዚህ ሥራ ጊዜ አትሰስቱ፤ ሳይቸኩሉ ደጋግመው ያሠሩት ልጅ ብዙ የማባዛት ሰንጠረዥ ከሸመደደው ይልቅ ርቆ ይሄዳል። የቃላት ፕሮብሌም ላይ የሚወድቀውን ግን በቅድሚያ ጥያቄውን አንብቡለት፤ ሰምቶ ከሠራው ችግሩ የንባብ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በበርካታ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ይሁን እንጂ በታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ቻሉም አልቻሉም አብረው ሲያልፉ ከኖሩ፣ በታጨቀ ክፍል ውስጥ ያለ መምህርም ለእያንዳንዱ ጊዜ ካጣ፣ መጽሐፉ ብቻውን ልጁ ዘንድ አይደርስም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁን «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ይህን መናገር አያውቅም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት አብራችሁት ተቀመጡ፣ ሲሳሳትም አትምቱት፤ የፈራ ልጅ ቃሉን ከማየት ፊታችሁን ማየት ይቀድመዋል። መምህራንን የምጠይቀው ደግሞ በመስከረም፣ ምዕራፍ አንድ ሳይጀመር፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ለጥቂት ደቂቃ አስነብባችሁ የትኞቹን ፊደላትና የትኛውን ስሌት እንደሚስት በስሙ ትይዩ እንድትመዘግቡና ወረቀቱን በሰኔ ለቀጣዩ ክፍል መምህር እንድታስረክቡ ነው።