በአባቴ በኩል

የጡት ካንሰር ሲነሳ እኛ ቤት ሁሉም የሚቆጥረው የእናትን ወገን ነው። እናቴ ጤነኛ ናት፣ እህቶቿም ጤነኞች ናቸው። በቃ፣ ጉዳዩ ተዘጋ። የአባቴን ወገን ያነሳ ሰው አልነበረም። ማንስ ያንሳው? አባቴ ወንድ ነው።

ያነሳችው የአክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልጅ ናት። እሷም እንደኔ ስደት ላይ ናት፤ የምንኖረው ግን በተለያየ አገር ነው። 40 ዓመት ሳይሞላት ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘባት። ሕክምናዋን ስትከታተል የዘር ምርመራም አደረጉላትና ብራካ 2 በሚባለው ጂን ላይ ጎጂ ለውጥ አገኙ። የደወለችልኝ ኬሞ ላይ እያለች ነው። ድምጿ ዝሏል። እኔ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ። «የኔን ተዪው፣ እየታከምኩ ነው። የደወልኩት ስላንቺ ነው። ተመርመሪ። ወንድምሽም ይመርመር» አለችኝ።

ጂኑ ሁላችንም ውስጥ አለ። ሥራው የተጎዳ ዲኤንኤ፣ ማለትም በሴሎቻችን ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ፣ መጠገን ነው። አንዱን ቅጂ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቶ ከተወለድን ካንሰር የመያዝ ዕድላችን ከፍ ይላል። አሜሪካ ውስጥ በጠቅላላው ከ100 ሴቶች 13 ያህሉን በዕድሜ ዘመናቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ብራካ 2 ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባቸው ሴቶች ጋ ሲመጣ ግን ከ100ው ከ60 በላይ የሚሆኑትን ነው። ደግነቱ ይህ ለውጥ ብዙ ሰው ላይ የለም። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች በዘር የመጣባቸው ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ግን ለውጡ ያለበት ወላጅ፣ አባትም ይሁን እናት፣ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባት ራሱ አንድም ቀን ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል።

ለመመርመር ስሄድ የጄኔቲክ አማካሪዋ፣ በዘር ስለሚመጣ በሽታ የምታማክረው ባለሙያ፣ የዘር ሐረጋችንን ወረቀት ላይ ትስል ጀመር። ማን ታመመ? በስንት ዓመቱ? የቱ ካንሰር? አክስቴ ጋ ስንደርስ መልስ አጣሁ። የሞተችው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ለእኛ ለልጆቹ የተነገረን «ታማ ነው» ብቻ ነበር።

አገር ቤት መደወል ነበረብኝ። አባቴ ስልክ የሚያወራው ሁልጊዜ ድምፁን ለቆት ነው። ጎረቤቱም እንግዳውም ተራ በተራ ሰላም ይሉኛል። «አባዬ፣ ብቻህን ነህ?» ስለው ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ተነስቶ ሲወጣ ሰማሁት። ጠየቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነገ ደውዪልኝ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ነገረኝ። አክስቴ እብጠቱን መጀመሪያ ያሳየችው ለእሱ ብቻ ነበር። ባሏ እንኳ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሐኪም ዘንድ የወሰዳት አባቴ ነው፤ ያኔ ግን ቁስል ሆኗል። ለማንም እንዳይናገር አስምላዋለች። ይኸው ለልጆቿ እንኳ ሳይተነፍስ ይዞት ኖረ። ያን ዕለት ስልኩን ዘግቶ የሄደው ንስሐ አባቱ ዘንድ ነው፤ መሐላውን ይፈቱለት እንደሆነ ሊጠይቅ። እሳቸውም «እሷ ልጆቿን አትጠላም፤ ብታውቅ ኖሮ ራሷ ተናገር ትልህ ነበር» አሉት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ የምወደው ይህን ቦታ ነው። እንደፈራሁት «ለእግዚአብሔር ተወውና ዝም በል» አላሉትም።

እውነት ለመናገር እሷም ብትናገር ኖሮ ያኔ ስለ ዘር የሚነግራት ሐኪም አልነበረም። ብራካ 2 ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ እሷ ከሞተች በኋላ።

ውጤቴ መጣ። እኔም አለብኝ። ሐኪሟ ስታስረዳ እኔ ጆሮዬ ተዘጋ፤ እየጠየቀ ማስታወሻ የያዘው ባለቤቴ ነው። ለአባዬ መንገር ግን የእኔ ድርሻ ነበር። «እኔ ነኝ ያወረስኩሽ» አለ። ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ «የማን ኃጢአት ይሆን፣ ልጄ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን አወጣሁለት። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው። አባዬ በቃሉ ያውቀዋል፤ በልጅነታችን ያስጠናን እሱ ነው። «አውቀዋለሁ፣ ግን እስቲ አንብቢልኝ» አለ። ደጋግሜ አነበብኩለት። በስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት አብረን ቀለል አለን።

አሁን በየስድስት ወሩ እታያለሁ፤ አንዴ ማሞግራም (የጡት ራጅ)፣ አንዴ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ)። ኤምአርአዩን ሰው ሳይነግርሽ ብትገቢ ትደነግጫለሽ። በሆድሽ ተኝተሽ ነው የምትገቢው፣ ጩኸቱ ደግሞ ልብ ያወልቃል። እኔ «አቡነ ዘበሰማያት» እደግማለሁ፤ ማሽኑ እየጮኸ ደጋግሞ ያስጠፋኛል፣ ከ«አቡነ» እጀምራለሁ። የአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ጡቶቿን አስወጥታለች። ለእኔም ምርጫው ቀርቦልኛል፤ ሳይታመሙ በፊት ማስወጣት አደጋውን በ90 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። ለጊዜው ክትትሉን መርጫለሁ። ብራካ 2 ለእንቁላል ማምረቻ ካንሰርም ስለሚያጋልጥ እሱንም ከሐኪሜ ጋር እየተነጋገርን ነው።

«እምነት ካለሽ ምን ያስመረምርሻል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፣ ግን ያናድደኛል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ በታመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ይላል። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ለእናቴም ያነበብኩላት ይህንን ነው፤ መጀመሪያ ላይ የምርመራውን ወሬ መስማት አትፈልግም ነበር።

ወንድሜ ብዙ አንገራግሮ ተመረመረ፤ እሱ አልወረሰም። አሁን የቀረን አባዬ ነው። የአክስቴ ልጅም እኔም ካለብን እሱም ላይ መኖሩ አይቀርም። ብራካ 2 ደግሞ ለወንድ የፕሮስቴት ካንሰር አደጋን ከፍ ያደርጋል። ተመርመር ስለው «እኔ ኖሬአለሁ፣ አንቺ ተመርመሪ» ይላል። እንዲህማ ከሆነ እኔም ቀጠሮዬን እሰርዛለሁ ብዬ አስፈራራሁት። ባለፈው ሳምንት ደሙን ሰጥቶ ደወለ። ስልኩ እንደተለመደው ድምፁ ተለቋል፣ ቤቱም ሙሉ ነው። «ሰጥቻለሁ! ያንቺስ መቼ ነው?» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።