ደብተሬን ስዋሸው

ሕልሜን መጻፍ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ፍቺ ፍለጋ ነበር። ጥርስ ሲወልቅ ምንድነው፣ ውሃ ሲወስደኝ ምንድነው፣ እንዲህ እንዲህ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ፤ ፈቺው እኔው ከሆንኩ ደግሞ መቼም ለራሴ ክፉ አልፈታም። በሁለት ሳምንት ሰለቸኝ።

ለነገሩ የሚጻፍ ማግኘቱ ራሱ አበሳ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ታሪኩ ሙሉ ነው። ስልኬን አንስቼ ሰዓት እስካይ ግማሹ የለም፣ ፊቴን ስታጠብ ደግሞ እልም! አሁን ዘዴው ገብቶኛል። ስነቃ አልንቀሳቀስም። በተኛሁበት ጎን እንዳለሁ የመጨረሻዋን ምስል እይዝና ከዚህ በፊት የት ነበርኩ፣ ከማን ጋር ነበርኩ እያልኩ ወደ ኋላ እጎትተዋለሁ። ከዚያ ደብተሩን በዳበሳ አግኝቼ በጨለማ እሞነጭራለሁ። አላርም አስቀድሜ የሞላሁ ቀን ግን ገጹ ባዶውን ያድራል። ዓይን ከሽፋኑ ስር የሚቅበዘበዝበትና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመጣል፤ ወደ ንጋት ሲጠጋ ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ላይ የምሸራርፈው እንቅልፍ የሚቀነሰው ከሕልሙ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የጠዋት ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ስለሚመስል ማታ ማታ በሌላ ደብተር መገልበጥ ጀመርኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ሳነብ አንድ ነገር አየሁ።

የጠዋቱ እንዲህ ይላል። «ወንድሜ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አልከፈትኩለትም።»

የማታው ደግሞ፣ «አንድ ሰው ደረጃ ላይ ያለቅስ ነበር። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ነቃሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። ማንም በማያየው ደብተር ላይ ማንን ነው የምዋሸው? ልለውጠው ብዬ አስቤ እንኳ አላውቅም። እርግጥ ሕልም ቅጥ የለውም፣ መልክ የምናስይዘው ስንተርከው ነው፣ በዚህ መሃል የሚጨመርና የሚቀነስ አይጠፋም። ግን ኪስ ውስጥ የነበረ ቁልፍ ሲጠፋ መርሳት ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል።

ከዚያ እንቅልፍ የለ ምን የለ፣ ሁሉንም ገጽ ሳመሳክር አመሸሁ። አራት ቦታ ላይ ሌላ አገኘሁ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ። ጠዋት «ጥዬው ሄድኩ» ያልኩት ማታ «ተለያየን» ሆኗል። «ሰበርኩት» ያልኩት «ተሰበረ» ሆኗል። ጠዋት ላይ አድራጊው እኔ ነኝ፣ ማታ ላይ ነገሩ ዝም ብሎ በራሱ ይደርሳል። አንዲት «ተ» ብቻ ጣል አድርጌ እጄን ታጥቤ ወጣሁ! የሰዋስው አስተማሪዬ ቢያዩኝ እንዴት በኮሩ።

ከወንድሜ ጋር ተጣልተን አይደለም። አንድ ነገር ጠይቆኝ «እስቲ አያለሁ» ብዬው ነበር፣ ይኸው እስካሁን እያየሁ ነው። እሱም አልደገመም። ይህን ለማወቅ ሕልም ፈቺ አያስፈልገኝም፣ ድሮም አውቀዋለሁ። የማላውቀው እንዲህ አሳምሬ መሸፈን እንደምችልበት ነበር። እና እውነቱን ለመናገር፣ ስንት እውነተኛ ታሪክ ለሰው እንደዚያው «ተ» እየጨመርኩ አውርቼ ይሆን እያልኩ ማሰቤ አልቀረም።

መገልበጡን ትቻለሁ። የጠዋቱ ጭረት ይበቃል፣ ባይነበብም ይቅር።

ትናንት ማታ ደወልኩለት፣ አላነሳም። ዛሬ ጠዋት ደብተሩ ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አንደኛውን ማንበብ አልቻልኩም። ሁለተኛው «ስልክ ይጠራል» ይላል።