የጓሯችንን የአበባ ቦታ ለእንግዶች ከፍተን የዋልንበት ቀን

ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ ቢጠቁርም፣ ዛሬ እዚህ ኬንት የሚገኘውን የጓሯችንን የአበባ ቦታ ለጎብኚዎች ክፍት አድርገን ዋልን። በእንግሊዝ የግል የአትክልት ቦታን በአነስተኛ የመግቢያ ክፍያ ከፍቶ ገቢውን ለበጎ አድራጎት ማዋል የቆየ ልማድ ነው፤ ይህን የሚያስተባብረው ናሽናል ጋርደን ስኪም በ1927 እ.ኤ.አ. ሲጀምር 609 የአትክልት ቦታዎች በአንድ ሺሊንግ መግቢያ ተከፍተው፣ ቤት ለቤት ሕሙማንን ለሚያስታምሙ ነርሶች ከ8,000 ፓውንድ በላይ ተሰብስቦ ነበር።

የኤፕሪል አየር ግን አስቀድሞ ቀን ቆርጦ እንግዳ ለጠራ ሰው አይመችም። የማግኖሊያ ዛፋችን ገና መፈንዳት ሲጀምር የወረደው ውርጭ አበባዎቹን አጠውልጎ ቡናማ አድርጓቸዋል፤ ይህ በእውነት አሳዝኖኛል። ቱሊፖቹም ቢሆኑ፣ አበባቸው የሚከፈተው ሙቀት ሲያገኝና የውስጠኛው ገጹ ከውጨኛው ፈጥኖ ሲያድግ በመሆኑ፣ በጠዋቱ ብርድ እንደተዘጉ ቆዩ፤ ቀድመው የመጡት እንግዶችም እንቡጥ ብቻ አይተው ተመለሱ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ሲዘንብ ሰዎቹ ከድንኳኑ ሥር ተጠግተው፣ ከሻይና ከኬኩ ጋር እኛ የቆላነውን ቡና እየቀመሱ በትዕግሥት ጠበቁ። ጃንጥላ ይዞ፣ ጭቃ ረግጦ የሰው ጓሮ ለማየት የሚመጣን ሰው እጅግ አከብራለሁ፤ ቀኑን ባለመሰረዛችንም ደስ ብሎኛል። ፀሐይ ስትወጣ ቱሊፖቹ ተከፈቱ፣ እንግዶቹም እስከ መዝጊያው ሰዓት አልሄዱም። ለመጪው ዓመት ከማግኖሊያው ሥር ብርድ የሚችሉ ዳፎዲል የተባሉ አበቦችን ጨምረን በመስከረም እንተክላለን።