የካቲት 26

ከጠዋት ጀምሮ ደብቶኛል። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሬዲዮው ቀኑን አስታወሰኝ። የካራማራ ድል።

1970 ዓ.ም. በዚህ ቀን ነው ጅግጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ የወጣችው። ቀረርቶውን ስሰማ ይነዝረኛል። ግን ሁሌ መሃል ላይ አንድ ነገር ያንቀኛል። የእኛ ልጅ፣ አጎቴ፣ ይህን ቀን አላየም። እሱ የሞተው መስከረም ላይ ነው፣ ጅግጅጋ በተያዘች ሰሞን፣ ጦሩ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ሲያፈገፍግ። ወታደሮቹን አስቀድሞ እሱ ከኋላ ቀርቶ ነው የመቱት ይባላል። ለማፈግፈግ ማን ያቅራራል? ለእኔ ግን ከባዱ እሱ ነው። ወገን ሲያሸንፍ መሞትና ከተማው ከእጅ ሲወጣ መሞት አንድ አይደለም።

ጎረቤታችን ሶማሌ ናቸው። እሳቸውም በዚያው ዓመት ወንድም አጥተዋል፣ ከወዲያኛው በኩል። ሬዲዮውን ቀነስኩት።

ፎቶው ሳሎን ነው ያለው። ሐረር ጦር አካዳሚ፣ ሕንዳውያን መኮንኖች ያስተምሩ በነበረበት ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ተምሮ የተመረቀ ዕለት የተነሳው። የእግረኛ ጦር ምክትል መቶ አለቃ። ቆቡ ትንሽ ሰፍቶታል። ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። ታናሽ ወንድሜ አሁን የእሱ እኩያ ነው። ትናንት ማታ ቁርጥማት ይዞኛል ብሎ እማዬን ቅባት ፈልጊልኝ ሲላት ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ነው ሠላሳ አርባ ሰው ይዞ ተራራ ላይ ያደረው።

ከጅግጅጋ የላከው አንድ ደብዳቤ አለ። ባቡሩ ተቋርጦ፣ መንገዱ ሁሉ ሥጋት በነበረበት ክረምት፣ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ የመጣ ነው። ስለ ጦርነቱ አንዲት መስመር የለችበትም። ለአያቴ ደህና ነኝ ይላታል። ከዚያ ለእማዬ፣ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለነበረችው፣ እዚህ ገበያ ጥሩ ጫማ አይቼልሻለሁ፣ የእግርሽን ልክ ላኪልኝ ይላል።

እማዬ እግሯን በክር ለካች። ጫፉ ላይ ቋጠረችው። ሌላኛው ጫፍ ላይም ቋጠረችው። ለዚያው ሹፌር ሰጠችው፣ ቀዚራ ሰፈር ጥግ ላይ ቆማ፣ እስኪሄድ ድረስ እያየችው። ይህን ስትነግረኝ ዛሬም በጣቶቿ ትለካልኛለች፣ ከአውራ ጣት እስከ ሌባ ጣት፣ ከዚያ ትንሽ ጨምራ።

መስከረም ጠባ። ጅግጅጋ ተያዘች። መርዶው መጣ። ለቅሶው መሃል ሹፌሩን ፈልጎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ክሩ ደርሶት ነበር? ጫማውን ገዝቶ ነበር? እማዬ ስንት ጊዜ ይህን አስባለች ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ፣ ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?